ካሜራ ይዞ በጽሞና መቀመጥ

ስለ ቅዱስ ያሬድ ሲነሣ ብዙዎቻችን በልጅነታችን የሰማነው የትሏን ታሪክ ነው። ትምህርት አልገባው ብሎ፣ የአጎቱንና የመምህሩን የአባ ጌዴዎንን ቅጣት ሸሽቶ ከአንድ ዛፍ ሥር ያረፈው ብላቴና፣ አንዲት ትል ግንዱን ለመውጣት ስትሞክር፣ ስትወድቅ፣ እንደገና ስትሞክር፣ በመጨረሻ በሰባተኛው ከፍሬው ዘንድ ስትደርስ ተመልክቶ፣ ተጽናንቶ ወደ ትምህርቱ እንደተመለሰ ይተረካል። ታሪኩ የሚነገረን ተስፋ እንዳንቆርጥ ነው፤ ተማሪ ፈተና ሲወድቅ፣ ነጋዴ ሲከስር ይጠቀስለታል። እኔን ግን የሚገርመኝ ከትሏ ብርታት ይልቅ የልጁ ዐይን ነው። አንዲት ትል ከግንድ ላይ ወድቃ፣ ተገልብጣ፣ ተቃንታ፣ እንደገና መንገድ እስክትጀምር ብዙ ጊዜ ይፈጅባታል፤ ይህንን ሁሉ ደጋግሞ ያየ ሰው ከተቀመጠበት አልተነሣም ማለት ነው። የተገረፈና መሄጃ የጠፋው ልጅ፣ ለረጅም ሰዓት የራሱን ጉዳይ ረስቶ ከጣት የምታንስ ፍጥረትን ሲመለከት ቆየ። ትምህርቱም የመጣለት በመቆየቱ ነው።

የተፈጥሮ ፎቶግራፍን ከመንፈሳዊ ሕይወቴ ጋር ያገናኘልኝም ይኸው መቆየት ነው። ፎቶ ማንሣት ጸሎት ነው ብዬ አልከራከርም፤ ጸሎት ጸሎት ነው፣ የራሱ ሥርዓትም አለው። ነገር ግን አባቶች ጽሞና የሚሉት፣ ልብ ወዲያና ወዲህ መባከኑን ትቶ በአንድ ነገር ፊት ጸጥ የሚልበት ሁኔታ፣ ለእኔ ቢጤው የከተማ ሰው በቀላሉ አይመጣም። ዳዊቴን ገልጬ ስቆም ሐሳቤ የቤት ኪራይ ያሰላል፣ ያልመለስኩትን ስልክ ያስታውሳል፣ ትናንት የተናገርኩትን ያርማል። ካሜራ ይዤ ከአንድ ዛፍ ሥር ስቀመጥ ግን ዐይኔ ሥራ ስለሚያገኝ ልቤም ሳይወድ በግድ ይከተለዋል፤ ከዚያ ተመልሼ ዳዊቴን ስገልጥ ቃሉ የሚያርፍበት ቦታ ያገኛል።

ሌላው ሁሉ ከብርሃን ስለሚመጣ ከእርሱ ልጀምር። አገራችን ከምድር ወገብ ብዙ ስለማትርቅ ፀሐይ ጎን ለጎን እያዘገመች ሳይሆን ቀጥ ብላ ወደ ላይ ትወጣለች፤ በሰሜን አውሮፓ ለሰዓታት የሚቆየው ለስላሳ ብርሃን እኛ ዘንድ ቶሎ ያልፋል። ፀሐይ 12 ሰዓት ገደማ ብቅ ትላለች፤ 3 ሰዓት ሲሆን በደጋው ላይ ጥላው ሁሉ ጠቁሮ፣ ነጭ ነገር ሁሉ ዐይን የሚወጋ ሆኖ ይገኛል። በከፍታ ቦታ አየሩ ስስ መሆኑም ብርሃኑን ያከረዋል። ስለዚህ መልካም ብርሃን የሚሻ ሰው ገና ሳይነጋ ቦታው ላይ መገኘት አለበት፤ ይህም ኪዳን ለማድረስ የሚነሣ ሰው የሚነሣበት ሰዓት ነው። መገጣጠሙን እንደ ተራ ነገር አላየውም። በጨለማ ተነሥቶ፣ ጋቢ ተከናንቦ፣ ምንም ሳይቀምሱ መንገድ መግባት ሰውነትን አስቀድሞ ያዘጋጀዋል። ምሳ በልቼ፣ ጠግቤ፣ ከቀትር በኋላ የወጣሁባቸው ቀናት በምስልም በመንፈስም ደረቅ ሆነውብኛል፤ የጾም ወራት ደግሞ በተቃራኒው ዐይኔን እንደሚስሉት አስተውያለሁ። ለዚህ ሳይንሳዊ ማብራሪያ ካለ ደስ ይለኛል፤ ባይኖርም ልማዴን አልተውም።

ቦታን በተመለከተ ከአብያተ ክርስቲያናት ደን የተሻለ አላውቅም። በሰሜኑ ደጋ ላይ በአውሮፕላን የተጓዘ ሰው ቡናማ በሆነው የእርሻ መሬት መካከል እዚህም እዚያም ክብ ክብ አረንጓዴ ነገር ሳያይ አይቀርም፤ በእያንዳንዱ መካከል የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ያበራል። በደቡብ ጎንደር ብቻ እንዲህ ያሉ ደኖች ከ1,000 በላይ ናቸው፤ አብዛኞቹም ጥቂት ሄክታር ብቻ የሚሸፍኑ ናቸው። የደን ሥነ ምህዳር ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን፣ ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር በሠሩት ሥራ፣ ከየማሳው በተለቀመ ድንጋይ በደኖቹ ዙሪያ ካብ እየተካበ ከብት እንዳይገባ ተደርጓል፤ ከብት ሲቀር ቡቃያ ይነሣል። ካህናቱ ዛፎቹ የቤተ ክርስቲያን ልብስ ናቸው ይላሉ። ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ከፍ ባለውም ቦታ ኮሶ፤ ሌላ ቦታ ተቆርጠው ያለቁት ዛፎች እዚያ ውስጥ አርጅተው ይገኛሉ። ፎቶ አንሺን የሚጠቅመው ግን የዛፎቹ ዕድሜ ብቻ አይደለም፤ በዚያ ግቢ ውስጥ ማንም አይጮኽም፣ ማንም ወፍ በድንጋይ አይመታም፤ እንስሳቱም ይህን ያወቁ ይመስል ሰውን ብዙ አይሸሹም።

እኔ የምኖረው አዲስ አበባ ስለሆነ አዘውትሬ የምሄደው ወደ እንጦጦና ወደ መናገሻ ሱባ ነው። ሱባ በወጨጫ ተራራ ወገብ ላይ ያለ ጥንታዊ ደን ሲሆን፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ ጽድ እንደተተከለበት ይነገራል። እንጦጦ ደግሞ ሁለት ዓይነት ዝምታን ጎን ለጎን ያስተምራል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ቀጥ ያለ ግንዱና በጉም ውስጥ የሚፈጥረው መስመር ለካሜራ በጣም ያምራል፤ ጀማሪ ሁሉ እዚያ ይቆማል፣ እኔም ቆሜአለሁ። ሆኖም ከሥሩ እምብዛም ነገር ስለማይበቅል፣ ግማሽ ሰዓት ቁጭ ላለ ሰው ዝምታው ባዶ ይሆንበታል። ጥቂት እርምጃ አልፎ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ካሉት አሮጌ ጽዶች ሥር የተቀመጠ ሰው ግን መጀመሪያ ጸጥታ፣ ቀጥሎ ኮሽታ፣ ቀጥሎ ዝማሬ ይሰማል።

ይህ ቅደም ተከተል የትም ቦታ ያው ነው። ሰው ሲገባ ደኑ ዝም ይላል፤ ወፎቹ ይሸሻሉ ወይም ማስጠንቀቂያ ያሰማሉ፤ በዚህ ጊዜ ካሜራ የሚያነሣ ሰው የሚያነሣው የራሱን ረብሻ ነው። ዝም ብሎ ለተቀመጠ ሰው ትንንሾቹ ወፎች አስቀድመው ይመለሳሉ፣ ትልልቆቹ ዘግይተው፤ ከሁሉም በኋላ በቅጠሉ ውስጥ ተደብቀው ሲመለከቱን የነበሩት ይገለጣሉ። የሰውም ሐሳብ በዚሁ መልክ ነው የሚረጋው። መጀመሪያ ይንጫጫል፤ ከዚያ ይሰለቻል፤ ብዙ ሰው ተነሥቶ የሚሄደው በዚህ በስልቹነቱ ሰዓት ላይ ነው። እኔ ስልቹነትን እንደ በር ነው የማየው፤ እስከማውቀው ድረስ ሌላ መግቢያ የለም።

ጉሬዛን ለማየት ሱባ ሄጄ ያገኘሁትን ልንገራችሁ። ጉሬዛ ቅጠል በል ስለሆነ የበላውን ለማላም ብዙ ሰዓት ያስፈልገዋል፤ የቀኑን አብዛኛውን ክፍል በዛፍ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ያሳልፋል፣ በተለይ በብርዳማ ጠዋት ሆዱን ለፀሐይ ሰጥቶ። ዘለላና ጩኸት የሚጠብቅ ጎብኚ «ምንም አያደርጉም» ብሎ ያልፋቸዋል። በዚያ ጠዋት አንዲት እናት ከተቀመጠችበት የዝግባ ቅርንጫፍ ላይ ነጭ ነገር ተመለከትኩ፤ ጨርቅ የተጣበቀ መስሎኝ ነበር። የጉሬዛ ግልገል ሲወለድ መላ አካሉ ነጭ ነው፤ ጥቁሩ ቀለም የሚመጣው ከወራት በኋላ ነው። ግልገሉ ፊቱ ቀላ ያለ፣ ጣቶቹ ክር የሚያካክሉ፣ ከእናቱ ክንድ ውስጥ ብቅ ብሎ ከቅርንጫፉ የተንዠረገገውን የዛፍ ሽበት ለመያዝ እጁን ይዘረጋል፤ ይስታል፤ እጁን አንሥቶ ያየዋል፤ ደግሞ ይዘረጋል። ከጎኗ ያለችው ሌላ ሴት ጉሬዛ ቀስ ብላ ተቀበለቻትና እርሷም ታቅፈው ጀመር፤ እናቲቱ ዐይኗን ጨፈነች። እኔ የነበረኝ ሌንስ አጭር ነበር፤ በምስሉ ላይ የሚታየው በቅጠል መካከል ያለች አንዲት ነጭ ነጥብ ብቻ ናት። ለሰው ሳሳየው ማንም አይደነቅበትም። ካሉኝ ምስሎች ሁሉ ግን ተመልሼ ብዙ ጊዜ የማየው እርሱን ነው፤ ምክንያቱም ስመለከተው ያንን እጅ ሲዘረጋ፣ ሲስት፣ ደግሞ ሲዘረጋ አየዋለሁ።

መሣሪያውን በተመለከተ የራሴ ሥርዓት አለኝ፤ ትእዛዝ ሳይሆን ልማድ ነው። ከቤት ስወጣ አንድ ሌንስ ብቻ እይዛለሁ፤ ሁለት ከሆነ ልብም ሁለት ይሆናል። ያነሣሁትን ምስል ወዲያው የሚያሳየውን የካሜራውን መስኮት አጠፋዋለሁ፤ ካልጠፋ ዐይኔ ከወፏ ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ወፏ ሲመላለስ ይውላል፣ በመካከሉም ወፏ ትሄዳለች። በተከታታይ ጠቅ ጠቅ የሚያደርገውን አሠራር አልጠቀምም። በፊልም ዘመን ፎቶ አንሺ አንድ ጥቅልል ውስጥ ያለው 36 ምስል ብቻ ስለነበር ከመጫኑ በፊት ያስብ ነበር፤ ዛሬ በአንድ ሚሞሪ ካርድ ሺዎችን መሸከም ሲቻል ያ ገደብ ከውጭ የሚመጣ አይደለም፣ ከውስጥ መምጣት አለበት። እዚህ ላይ ጾም ያስተማረን ሰዎች ጥቂት ብልጫ ያለን ይመስለኛል፤ ያለውን ነገር መተው ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለንና። ደን ውስጥ ብርሃን ስለሚያንስ ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ከምስሉ ጥራት በላይ የሚጠቅመው ካሜራውን ከእጅ ላይ በማውረዱ ነው፤ እጅ ባዶ ሲሆን ሰው መመልከት ይጀምራል።

ከከተማ ራቅ ባለች አንዲት ደብር ፈቃድ ለመጠየቅ ወደ አንድ አረጋዊ ካህን ቀርቤ፣ «አባቴ ይፍቱኝ፤ ወፎቹን ፎቶ ላነሣ ነበር፣ ይፈቅዱልኛል?» ብላቸው፣ «ወፎቹ ይፍቀዱልሽ እንጂ ልጄ፣ እኔማ ምን አለብኝ» ብለው አለፉ። ረፋዱ ላይ ተመልሰው ሲያገኙኝ እዚያው ነኝ። «አንድም ጊዜ ጠቅ ሲል አልሰማሁም፤ ተበላሸብሽ እንዴ?» አሉኝ። እየጠበቅሁ መሆኔን ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና ጫማዬን በመቋሚያቸው አመለከቱ፦ «እንግዲያው አውልቂው፤ ቅጠሉን እያንኮሻኮሽሽ ማን ይመጣልሻል?» አውልቄ ተቀመጥኩ። ለካስ ጫማ ያደረገ እግር ምንም አይሰማም፤ ባዶ እግር ግን ጤዛውን፣ የደረቀውን ቅጠል፣ ከመሬት ወጣ ያለውን ሥር ሁሉ ስለሚለይ ሰው ሳያስበው በጥንቃቄ ይራመዳል፣ ሳያስበውም ቦታውን ያከብራል። ከዚያ ወዲህ በደን ውስጥ ጫማ ማውለቅ ልማዴ ሆኗል። ጉንዳን ባለበት ቦታ ግን ምክሩ እንደማይሠራ በግልጽ መናገር ይገባኛል።

መቆየት ሲባል በአንድ ጠዋት ብቻ የሚወሰን አይደለም፤ ወደ አንድ ቦታ ዓመቱን ሙሉ መመላለስም ነው። ብቅ ብሎ የሚጠፋ ወዳጅን «እንደ መስቀል ወፍ» እንላለን፤ በዓመት አንድ ጊዜ ብቅ ብላ ትጠፋለችና። ብዙ ሰው የመስቀል ወፍ የሚላቸው በክረምቱ ማብቂያ በማሳና በሣር መካከል ደምቀው የሚታዩ ወፎች ናቸው፦ ቀይና ጥቁር የለበሰው፣ ቢጫና ጥቁር የለበሰው፣ ጭራው ከሰውነቱ እጥፍ ድርብ የሚረዝመው። ሁሉም ወንዶች ናቸው፤ ያን ልብስ የሚለብሱት ለመራቢያ ወራት ብቻ ነው። ወራቱ ሲያልፍ ላባቸውን ይለውጡና ከሴቶቹ የማይለዩ ቡናማ ወፎች ሆነው፣ እህል ከሚለቅሙት መንጋዎች ጋር ተቀላቅለው በመካከላችን ይኖራሉ። አልሄዱም። በአንድ ሜዳ ላይ ከመስከረም እስከ ጥር ተመላልሶ ፎቶ ያነሣ ሰው ለውጡን በዐይኑ ያየዋል፤ በመካከሉ ያሉት ሳምንታት ላይ ግማሹ ቀይ ግማሹ ቡናማ የሆነ፣ ለማንም የማያምር፣ የተበጣጠሰ የሚመስል ወፍ ያገኛል። እኔ ያንን ያልተዋበ ወፍ ማንሣት እወዳለሁ። የመንፈሳዊ ሕይወት መጽሐፍ ቢጻፍ ስለ ደማቁ ላባ የሚጽፍ አይጠፋም፤ ስለዚህኛው ወር የሚጽፍ ግን ጥቂት ነው።

በአንጻሩ ፈጥኖ የሚያነሣ ሰው ምን ያህል እንደሚሳሳት ጭላዳ ያሳያል። ጭላዳ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር አይገኝም፤ በሰሜን ተራሮች፣ በመንዝ ጓሳ፣ በደብረ ሊባኖስ አካባቢ ገደል አፋፍ ላይ ይታያል። ሌሊት በገደሉ ላይ አድሮ ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣል፣ ተቀምጦም ሣሩን በጣቶቹ እየነጨ ሲበላ ይውላል። የላይኛውን ከንፈሩን ወደ ላይ ገልብጦ ድዱንና ጥርሱን ሲያሳይ የሚስቅ ይመስላል፤ በየማኅበራዊ ሚዲያው «ፈገግታ» ተብሎ የሚለጠፈውም ያ ነው። እንስሳው ግን ተረብሿል ወይም ፈርቷል፤ ብዙ ጊዜም ያስፈራው ፎቶ አንሺው ራሱ ነው፣ ከሚገባው በላይ ቀርቦ። ከመንጋው አጠገብ ለረጅም ሰዓት የተቀመጠ ሰው ይህንን ያለ መጽሐፍ ይረዳዋል፤ ማን ለማን ከንፈሩን እንደገለበጠ፣ ከዚያ በፊት ምን እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ ማን እንደሸሸ አይቷልና። ለእኔ የተፈጥሮ ፎቶግራፍ ትሕትና የሚጀምረው እዚህ ነው፤ የሌላውን ፍጥረት ፊት በራሴ ፊት አለመተርጎም።

ሴት በመሆኔ የማልገባባቸው ቦታዎች አሉ። ጣና ላይ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ለሴቶች የተከለከሉ ናቸው፤ አብረውኝ የሚጓዙ ወንዶች ሲወርዱ እኔ ጀልባው ውስጥ እቀራለሁ። በዚህ ጉዳይ ላይ ሰዎች የሚሉት ብዙ ነው፣ እኔም የራሴ ሐሳብ አለኝ፤ እዚህ ግን ስለ ፎቶግራፍ ነውና የማወራው፣ ከደሴቱ ዳር ተቀምጬ ያገኘሁትን ብቻ ልናገር። የጣና ዓሣ አሞራ ከሩቅ ሲጮኽ፣ ይብራዎች መስመር ሠርተው ውኃውን ታክከው ሲያልፉ፣ በደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው በጉሙ ውስጥ ሲገለጥ፣ የጀልባው ሞተር ጠፍቶ ስለነበር ሁሉንም በድምፃቸው አስቀድሜ አወቅኋቸው። በዘጌ ግን እገባለሁ። ዘጌ ልሳነ ምድር ላይ በጥላ ሥር የሚበቅለው ቡና መነሻው የአቡነ በትረ ማርያም በትር እንደሆነ ይተረካል፤ በትራቸውን ሦስት ቦታ ቆርጠው ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆነ ይባላል። መሬቱን ማረስ የተከለከለ ሆኖ በመኖሩ ደኑ እስከ ዛሬ አለ። ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት በሚወስደው ጠባብ መንገድ ላይ ብርሃኑ በቅጠሉ ተጣርቶ ጠብ ጠብ እያለ ይወርዳል፤ እዚያ አንድ እርምጃ ለመራመድ ብዙ ደቂቃ የሚፈጅብኝ ቀን አለ፣ መንገደኛውም «እለፊ እንጂ» እያለ ይስቅብኛል።

ይህ ልምድ የእኛ ብቻ ነው ማለቴ አይደለም። በኬንታኪ በሚገኘው የጌተሰማኒ ገዳም የኖረው አሜሪካዊው መነኩሴ ቶማስ ሜርተን በሕይወቱ የመጨረሻ ዓመታት፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ፣ ወዳጁ ባዋሰው ካሜራ የዛፍ ሥር፣ አሮጌ እንጨት፣ ድንጋይ፣ የግድግዳ ጥላ ያነሣ ነበር፤ አስደናቂ ነገር ፍለጋ ሳይወጣ፣ በገዳሙ ዙሪያ ያለውን። የወሎ ተወላጅ የሆነ ሙስሊም ወዳጄም ስለዚህ ነገር ስንጨዋወት በእስልምና ፍጥረትን እያዩ ማሰላሰል ተፈኩር እንደሚባልና እንደ ዒባዳ፣ ማለትም እንደ አምልኮ፣ እንደሚታይ አጫውቶኛል። በእኛም ቢሆን መዝሙረ ዳዊትን የሚደግም ሰው መዝሙር 103 ላይ ሲደርስ ዛፎቹን፣ በእነርሱ ላይ የሚሰፍሩትን ወፎች፣ በዐለት ውስጥ የሚጠለለውን ሽኮኮ ሁሉ አንድ በአንድ ያገኛቸዋል። ሽኮኮ በአገራችን ዐለት ላይ ሁሉ ፀሐይ ሲሞቅ የሚታይ ነው። ቃሉን በየዕለቱ ደግሜ፣ እንስሳውን ግን አንድም ጊዜ ቆሜ አይቼ አለማወቄ ገርሞኝ ለሰሞኑ ሁሉ ሽኮኮ ብቻ ያነሣሁበት ወቅት ነበር።

ሆኖም ካሜራ ለመንፈስ ጠላት ሊሆን እንደሚችል መሸሸግ አይገባም። ውዳሴ ከንቱ በማንኛውም መልካም ነገር ውስጥ ይገባል፤ በፎቶግራፍ ውስጥ ግን በር ተከፍቶለት ነው የሚጠብቀው። ምስሉን ስለጥፍ የሚቆጠረው የወደደው ሰው ብዛት፣ ገና ደኑ ውስጥ ሳለሁ «ይህ ይወደድ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ፣ ከእኔ የተሻለ ምስል ያገኘ ሰው ላይ የሚሰማኝ ቅናት፤ እነዚህ ሁሉ እውነተኛ ናቸው። መፍትሔ ብዬ የያዝኩት ያነሣሁትን ምስል ለሳምንታት ሳላይ ማቆየት ነው። ያኔ ሙቀቱ በርዶ ስለሚቆይ፣ የማየው ምስሉን እንጂ ራሴን አይደለም። አንዳንዱንም ማንም ሳያየው እተወዋለሁ።

ከዚህ የከፋው ፍጥረቱን የሚጎዳው ነው። ጎጆዋ ላይ ያለችን ወፍ በተሻለ ብርሃን ለማንሣት ቅርንጫፍ የሚቆርጡ አሉ፤ ቅርንጫፉ የተቆረጠው ጎጆ ለፀሐይና ለጭልፊት ይጋለጣል። የወፍ ድምፅ በስልክ እያሰሙ የሚጠሩ አሉ፤ ወንዱ ወፍ ባላጋራ የገባበት መስሎት ጫጩት የሚመግብበትን ሰዓት በጥል ያባክናል። የጎጆ ወይም የብርቅ እንስሳ ትክክለኛ ቦታ በይፋ የሚያስታውቁም አሉ፤ በማግስቱ ሃያ ሰው ይደርሳል። እኔ የቦታውን ስም ከጎጆው ምስል ጋር አብሬ አልጽፍም፤ የት እንደሆነ የጠየቀኝ ሰው ቢቀየምም አልነግረውም። በገዳማትም እንዲሁ፤ የሚጸልይን መነኩሴ ሳያውቅ ከሩቅ በረጅም ሌንስ ማንሣት እንደ ጥበብ ሲቆጠር አያለሁ፣ ለእኔ ግን ስርቆት ነው። ምስሉ ቢያምርም።

መጀመር የሚፈልግ ሰው ውድ ካሜራ አያስፈልገውም፤ በኪሱ ያለው ስልክ ይበቃዋል። ዘመነ ጽጌ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ይዘልቃል፤ ማኅሌተ ጽጌ ሌሊቱን የሚቆምበት፣ ደጋው ሁሉ በአበባ የተሸፈነበት ወቅት ስለሆነ ከዚያ የተሻለ መጀመሪያ አላገኝም። ከቤቱ ወይም ከደብሩ አጠገብ ካለ አንድ ተክል ይምረጥ፤ ብርቅ ተክል መሆን የለበትም፣ በአጥር ሥር የበቀለ ቢሆንም ይሁን። ጠዋት ጠዋት እርሱን ብቻ ይይ፤ መጀመሪያ ቁጭ ብሎ፣ ስልኩን ኪሱ ውስጥ ትቶ፣ ተክሉ ላይ ከትናንት የተለየውን አንድ ነገር እስኪያገኝ ድረስ ይፈልግ፤ ሲያገኘው ያንን ብቻ ያንሣ፣ አንድ ጊዜ። ካላገኘ ሳያነሣ ይሂድ። የስልኩን ጥሪ ማጥፋት እንዳይረሳ፤ በዚያ ሰዓትም ጤዛው ሌንሱን ስለሚያደበዝዘው ንጹሕ ጨርቅ ይያዝ፣ የነጠላ ጫፍ ክር ይተውበታል።